ዲማ

አባቴ ሳልሚን የጭቃ ጡብ ሲመታ
ስልሳ ዓመት አለፈው፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
ሺባም ውስጥ በቆመው በየግንቡ ጥግ
አምስት ጣቱ አለ፣ እንደ ፊርማ፣ እንደ ሕግ።
የሚፈራው ነገር በዓለም ላይ አንድ ነው፤
ከሰማይ የሚወርድ፣ ጭቃን የሚያሟሟው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት ጎርፉ ሸለቆውን ሞልቶ
የአጎቴን ቤት ወሰደው፣ እንደ ስኳር አሟሙቶ።
በማግስቱ ከደለሉ የተገኘው ቁልፍ ነበር፣
የእንጨት ቁልፍ፣ ባለ ጥርስ፣ የሚከፍተው በር ሳይኖር።
አባቴ ዛሬም በመቀነቱ ጠርዝ ቋጥሮ ይዞታል።

እንግዲህ እዚህ ቤት ነው ወንድሜ ሴት ልጅ የወለደው።
በሰባተኛው ቀን ፀጉሯ ተላጨ፤
የጨቅላ ፀጉር ምን ይመዝናል?
ሚዛኑ እንኳ አላወቀውም።
ለክብደቱ ብር ተመጸወተ።
እናቷ ሸፊቃ ያኔ ቀና ብላ፣
«ዲማ ትባልልኝ» አለች።

ቤቱ ዝም አለ።

አባቴ የቴምሩን ፍሬ ከአፉ አወጣ፤
«ዝናብን በስሙ ጠርታችሁ ቤቴ ልታስገቡት? ምን ጣጣ!»

ሸፊቃ ግን የዶዓን ልጅ ናት፣ የንብ አርቢ ዘር፣
ዝናብን በየስሙ ለይታ የምትቆጥር።
«ዋቢል ዶፉ ነው፣ ትከሻ የሚሰብር፤
ተል ማለት ቅጠል ላይ የምትቀር ጠብታ፤
ሰይል ያው ጎርፉ ነው፣ እሱን አንተ ታውቀዋለህ፣ የቁልፉ ጌታ።
ዲማ ግን ሌላ ናት፤ ነጎድጓዷ የማይሰማ፣
እንደ ጎረቤት የምትገባ፣ ጫማዋን አውልቃ በጨለማ።
ትቆያለች። ስሟም ከመቆየት ነው የተቀዳ፤
ንቦቻችን እሷን ነው የሚጠብቁት፣ የቁርቁራው አበባ እንዲፈነዳ።
ደግሞስ ጡብህን በምን ታቦካለህ? በምራቅ?»

አባቴ አልተረታም።
አራት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠራም።
ሲቆጣት «እንትና»፣ ሲስማት «እንትና»፤
እሷም ለምዳው ኖሮ፣ ስሟን ለጠየቃት እንግዳ ኮራ አለችና፣
«በእናቴ ዲማ ነኝ፣ በአያቴ እንትና።»

አንድ ሌሊት ነቃሁ።
የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፣ የእርጥብ አፈር ጠረን ነው።
ጣሪያው ላይ ስወጣ አባቴ ቀድሞኝ ቆሟል፤
በአንድ እጁ ፋኖስ፣ በሌላው
የኖራ ልስኑን እንደ በሽተኛ ግንባር ይዳስሳል።
ውሃው ልስኑ ላይ ተንሸራቶ
በእንጨት አሸንዳው ቀስ ብሎ ይወርዳል።
አልነጎደም። አልበረቀም።
ግድግዳው አልሸሸም።

ብዙ ቆመ። ከዚያ መዳፉን ወደ ጨለማው ዘርግቶ፣
አፉ ያልለመደውን ምግብ እንደሚቀምስ ሰው፣
«ዲማ» አለ።
ለዝናቡ ነበር።

ከደረጃው ሥር ግን አንድ ቀጭን ድምፅ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው፣
«አቤት! መጣሁ» አለ።

አባቴ አላረማትም።
ፋኖሱን ዝቅ አደረገላት፣
ደረጃው እንዲታያት።