በደረሰኝ ጀርባ

ታኮ በአንድ እጄ፣ ስልክ በሌላው ይዤ፣
ከሸዋ ሮቢት ቆላ በአይሱዙ ተጉዤ፣
የላቀውን ሰዓት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
ደብተር አልነበረን፣ በሽንኩርት ደረሰኝ።

ሃምሳ ኩንታል ሽንኩርት፣ በላዩ ቲማቲም፣
ጣርማበርን ሲወጣ አንዲት ፍሬ አትፈርጥም።
ጉም መንገዱን ሲውጥ፣ መስታወት ሲታወር፣
በጆሮው ይለካል የገደሉን ድንበር።
ደብረ ሲና ያሉት ቆሎ ሻጮች እንኳ፣
ድምጿን ይለያሉ ሳይታይ መልኳ፤
"ተነሱ፣ ላቀው ነው!" ይባባላሉ፣
መስፈሪያ ጣሳቸውን ቀድመው ይሞላሉ።

አንዴ ቁልቁል ስንወርድ፣ ከአርማንያ በላይ፣
ፍሬኑ ከዳን በጠራራ ፀሐይ።
እኔ ልዘል በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አወጣሁ፤
እሱ በማርሽ ያዛት፣ በእጅ ፍሬን፣
በጠጠሩ ዳር እያሻሸ፣ እንደሚያባብላት፣
ቆመች።
ወርዶ ግን በእጁ የዳበሰው ጎኗን ነው፤
ጭረት ከደሞዝ ነው፣ የጋሽ ሰይፈ ሕግ ነው፤
የእኛን ነፍስ አይደለም፣ ቀለሙን ነው ያየው።

ጥቅምት ላይ ወሬ መጣ፤ ደብረ ብርሃን ሜዳ
የመኪና እሽቅድድም፣ ባለ ቁጥር፣ ባለ ባንዲራ።
ላቀው ጃኬቱን አጠበ፣ ጫማውን ቀባ፣
እኔም ደረሰኞቼን በፌስታል ቋጥሬ ተከተልኩት።
"መኪናህስ?" አለች መዝጋቢዋ።
"የሰው ናት።"
"ሄልሜት? እሳት የማይበላው ልብስ? የመድን ወረቀት?"
ዝም።
ፌስታሌን ዘረገፍኩት፤ "ሰዓቱን እዩት፣
ከቆሎ ሻጮቹ እስከ ዋሻው አፍ
ሃያ ሁለት ደቂቃ፣ ከነጭነቱ!"
አገላበጠችው። አልሳቀችም፣ ደግ ነበረች፤
"ይሄ የሽንኩርት ነው፣ ወንድሜ" አለች።

ከገመዱ ኋላ ቆመን አየን።
ኪሩቤል የሚሉት የብረት ነጋዴ ልጅ
በሁለተኛው ዙር ተገለበጠ፣ ጎማው ሰማይ አየ፤
ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሳቀ።
ለፋሲካ በሌላ መኪና መጣ፤ አጥሩን ይዞት ሄደ።
በሦስተኛው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
እንደ ጭልፊት ነዳ።
ሰነፍ አልነበረም ልጁ፤
መውደቅ አስተማረው፣
የትምህርቱን ክፍያ አባቱ ከፈለ።

"ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ" ይላል ሰው፤
እኔ የገባኝ ግን ወዲህ ነው፤
ብር ፍጥነት አይገዛም፣
መሳሳትን ነው የሚገዛው።
ላቀው በአሥራ አንድ ዓመት አንዴም አልተሳሳተ፤
አይችልማ፣ በምኑ ይከፍላል?
እናም ጫፉን አያውቀውም፤
ጫፍን የሚያውቅ አልፎት የተመለሰ ነው።

ጉዶ በረት ስንደርስ ነው አፉን የፈታው፤
"ሦስተኛዋ ኩርባ ላይ ልጁ ቸኩሎ ነው ፍሬን የያዘው፤
እኔ ብሆን እቆይ ነበር።"
"ምን ያህል?" አልኩት።
መሪውን ጠበቅ አደረገ።
"አላውቅም" አለ።

ዛሬም እጽፋለሁ፤
ሃያ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።
የወረቀቱ ፊት በደማቁ "ደረሰኝ" ይላል፤
ለገበሬው ደረሰው፣ ለደላላው ደረሰው፣
ለጋሽ ሰይፈማ ከሁሉም በፊት፤
ጀርባው ላይ የምጽፍለት ሰው
ገና አልደረሰው።

ዳገት መሃል ስንቆም ዘልዬ እወርዳለሁ፣
ታኮዬን ከጎማው ሥር እሸጉጣለሁ፤
ወደ ኋላ እንዳትሄድ፤
ከእኔ የሚጠበቀው እስከዚያ ነው።