የውሃ ሒሳብ

ቀጂ ነኝ። ውሃ አይደለም፤ ድምፅ ነው የምቀዳው፤
ሌላው ፊቱን ሲያይ፣ እኔ ጆሮ ሰጥቼ የምሰማው
የሆዱን ጩኸት ነው፣ የጉልበቱን ሲጥሲጥታ፣
ከሳቁ በፊት የሚያርፍባትን አንዲት አፍታ።

መርሲን ዳር፣ ከወደቡ በላይ፣ ከጎማ ጠጋኝ ቤት ጀርባ፣
የሠርግ አዳራሽ ተከራይተን፣ በቀን፣ ሙሽራ ሳይገባ፣
አስቂኝ ፊልም እንሠራለን። ገንዘባችን ሽንብራ ነው፤
የዳይሬክተሩ አባት ቆልቶ፣ ሽጦ፣ ያተረፈው።
ምሳችንም ሽንብራ ነው። ደሞዛችንም አንዳንዴ።
ሰኞ ሽንብራ፣ ማክሰኞ ሽንብራ፤ ተነፋ ሆዴ።

ተዋናያችን ሩሽቱ ነው። አምሳ ሰባት ሞላው ዘንድሮ፤
ሎተሪ ይሸጣል፣ በአንዲት ሳጥን ውስጥ ተቀርቅሮ።
በሰባት ዓመቱ ግን፣ ያኔ፣ «ትንሹ ደመና» ተባለ፤
እሱ ዓይኑን ካረገበ መሀረብ ያልያዘ የታለ?
በዘጠኝ ፊልም ዘጠኝ እናት ቀበረ፤ ባቡር ጥሎት ሄደ ደጋግሞ፤
ውሻ እንኳ ቢሰጡት ይሞትበታል፣ ስም ሳያወጣለት ቀድሞ።

ከዚያ ድምፁ ጎረነነ፤ ከንፈሩ ላይ ጢም ወጣ፤
ጢም ላለው ወላጅ አልባ ደሞ ማን ነው ሊያለቅስ የሚመጣ?
ስልኩ ዝም አለ። ደመናው መና ቀረ።
አርባ ዓመት በሳጥን ውስጥ የሰው ዕድል ቆጠረ።

የፊልሙ ታሪክ ይኸው ነው፦ የድሮ ሕፃን፣ አርጅቶ፣ ልመለስ ይላል፤
እንባው ግን እምቢ ይለዋል፤ ሰው ይህን አይቶ ይስቃል።
ይስቃል ብለን ነው እንግዲህ። እስከ ትናንት ግን ማንም አልሳቀ፤
ዳይሬክተሩ፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ጥፍሩን በላ፣ ተጨነቀ።

የመጨረሻው ትዕይንት ዝናብ ይፈልጋል። የቦቴ ኪራይ ጠየቅን፤
ዋጋውን ስንሰማ ሁላችን ሰማዩን አንጋጠን ጠበቅን።
ነሐሴ ነው፤ ግን የመርሲን ነሐሴ፤ ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ፤
ከጎረቤት ቧንቧ ጎማ ተሳበ፣ ባለቤቷ ሳታውቅ፣ ተሰርቆ።
የዳይሬክተሩ ያክስት ልጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ያዘው፤
«አክሽን!» ሲባል ውሃው መጥቶ ሩሽቱን አናቱን መታው።
ቆመ። እጁን ዘረጋ። ያን የድሮውን ፊት ፈልጎ አጣ፤
በማዳመጫዬ ሰማሁት፦ የሆነ ነገር ከደረቱ ሊወጣ፣
ሊወጣ፣
ሊወጣ ሲል…
«ማነው ውሃዬን የሚያፈሰው!»
አለች አንዲት ሴት ከአራተኛ ፎቅ፤ መጥበሻዋን እንደ ጎራዴ ነው የያዘችው።

ጎንበስ ብላ አየችው። መጥበሻው ወረደ። «አንተ… ደመና አይደለህም?
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር! ያ ውሻ ሲሞት! ሦስት ቀን እህል አልበላሁም!
እናቴ በጥፊ አጮለችኝ፣ ‹ለውሻ ይለቀሳል?› ብላ፤
አሁን ደሞ ተመልሰህ መጣህ፣ ውሃዬን ልትበላ!»

«እመቤቴ፣» አለ ሩሽቱ፣ ከቅንድቡ ውሃ እያራገፈ፣
«የሞተው ውሻው ነው፤ እኔ አለሁ።» ሳቋ ከበረንዳው ተረፈ።
የካሜራው ልጅ ሳቀ። ጣራ ላይ ያለው ሳቀ፣ ጎማው አመለጠው፤
ጎማ ጠጋኙ ከሱቁ ወጥቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሆዱን ያዘው።
«ቀርጸኸዋል?» አለ ዳይሬክተሩ።
ባትሪው ቀድሞ ነው ያለቀው።

እኔ ጋ ድምፁ አለ። ድምፅ ብቻ። ሳቅና የመጥበሻ ኳኳታ።
ለውሃው አምስት መቶ ሊራ ጠየቀች፤ ሩሽቱ ከፈለ፣ ያለ ቅሬታ።

መሽቶ ተበተንን። በፌስታል ጠቅልዬ
ደረቱ ላይ የለጠፍኩትን ማይክ መንቀል ረሳሁ፤
ገመድ እየጠቀለልኩ ነው፣ በማዳመጫዬ የሰማሁ፦
የሚኒባስ በር ሲዘጋ። ሾፌሩ፦ «ወንድም፣ በዚህ ሐሩር
ምን አግኝቶህ ነው? መቀመጫዬን አራስከው እኮ!»
ዝምታ። የሸሚዝ እጅጌ ሲጨመቅ። ትንሽ ሳል።

«ገዝቼ ነው፣» አለ። መኪናው ራቀ፤ ቃሉ በሞተር ተዋጠ፤
«አምስት መቶ ሊራ… አምስት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ… ዝና—»
እዚያ ላይ ተቋረጠ።