ሥዕሉ አለ

ቂርያት ጋት፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከቁልፍ ቀራጩ ጎን፣
የኔ ሱቅ አለች፣ ጠባብ እንደ ካርቶን።
ሦስት ግድግዳ ሙሉ የተከፈተ ሆድ፣
ሽቦና አቧራ፣ የተቃጠለ ገመድ።

ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይልሳል።
አባ ውብነህ ገቡ፤ የገበያ ጋሪ ከኋላቸው ይንጫጫል።
ጋሪው ላይ ቲቪ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣
በነጠላ ጫፍ ታስሮ፣ እንደ በሽተኛ ታዝሎ።

«ድምፁ ጤነኛ ነው፤ ፊቱን ነው ያጣሁት፤
ከፋሲካ ወዲህ በጆሮዬ ነው ያየሁት።»
የጎረቤት ልጅ መጥቶ፣ ሪሞቱን ጠቅጥቆ፣
ባትሪ ቀይሮ፣ ጎኑን በጥፊ ደልቆ፣
«ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ» ብሎ ሄደ አሉኝ፤
እኔን ግን ቀይዋ መብራት ከሥር ጠቀሰችኝ።
ጨርሶ ባይበራ ፊውዙን በጠየቅሁ፣
ቶሎ ቶሎ ቢጠፋ ያበጠ ካፓሲተር በፈለግሁ፤
ይሄ ግን ያወራል። አዋቂ አያስፈልግም፤
ቀይ ዓይኑ የበራ ነገር ሞተ አይባልም።

እሳቸው ወንበር ስበው፣
ሌላ ወሬ ጀመሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልንገርህ እንግዲህ፤ ለልጆቼ አልነገርሁም።
መጀመሪያ ሲጨልም ቲቪው ነው አላልሁም።
ዓይኔ ነው አልሁ፤ ደረሰ የአባቴ ዕጣ፤
ዛሬ ሥዕል ከጠፋኝ፣ ነገ ደረጃውም ሊታጣ።
ደረጃውን ቆጠርሁ፣ አሥራ ሰባት ነው፣ በቃሌ ያዝሁ፤
የጋዙን ቁልፍ፣ የጨውን ጣሳ በጣቴ አጠናሁ፤
ማታ ማታ ሶፋው ላይ፣ ጨለማው ፊት ቁጭ ብዬ፣
ዜናውን እሰማለሁ፣ የሚያይ ሰው መስዬ።
ሦስት ወር! በኋላ ሐኪሟ በመብራት ብታየኝ፣
‹የጎረምሳ ዓይን ነው፤ ምን አመጣህ?› አለችኝ።
ደስታ ነው? እፍረት ነው? እስካሁን አልለየሁት፤
ዓይኔን በሐሰት ነው ሦስት ወር የከሰስሁት።»

«ታዲያ መስኮቱ፣ ግድግዳው ይታይዎት አልነበር?»
ልል ነበር። ተውሁት። ብቻውን የሚያድር
ሰው፣ ከዕቃው አስቀድሞ ራሱን ነው የሚጠረጥር።

መጋረጃውን ሳብሁ፣ የሱቁን መብራት አጠፋሁ፣
የእጅ ባትሪዬን አዘንብዬ መስታወቱን ነካሁ።
«ከዚህ ይዩ፣ ጎንበስ ብለው።»
በጥቁሩ መስታወት ውስጥ፣ በክቧ ብርሃን ልክ፣
አንዲት ሴት ታየች፣ ደብዛዛ፣ እንደ ውኃ ውስጥ መልክ፤
አፏ ይንቀሳቀሳል፤ የነገን ሙቀት ትናገራለች፤
ባትሪውን ሳዞር ትጠፋለች፣ ስመልሰው አለች።
«አለች?»
«አለች። ሥዕሉ ሄዶ አያውቅም፤
ከጀርባው መብራት ነው የጠፋው፤ ሌላው አልታመመም።»
ሦስት ወር ሙሉ ዜና አንባቢው፣ ኳሱ፣ ሠርጉ፣ ዝናሙ፣
በየሰዓታቸው መጥተው፣ ሳይታዩ ቆሙ።

በብርድ ልብስ ላይ በፊቱ አስተኝቼ ፈታሁት፤
ሃያ ሦስት ብሎን፤ አንዱን ወለል ላይ ጣልሁት
(እስካሁን አልተገኘም)።
ከመስታወቱ ሥር ሦስት ረድፍ ትንንሽ አምፖል፤
በቴስተር ስነካቸው ሁሉም ደህና፤ የአንዷ መሐሏ ከስሏል።
በአንድ ሽቦ የተሰለፉ ናቸው፤ አንዷ ስትሞት
ሁሉም አብረው ይጨልማሉ፣ ሳይሞቱ፣ በሕይወት።
ነቅዬ ሌላ ተካሁ። ቆርቆሮው ቀለጠ፣ ጨሰ፤
ሶኬቱን ሰካሁ። ቀይዋ ጠቀሰች። ቀን ሱቄ ውስጥ ፈሰሰ።

«የዚህስ?» አልሁ፤ ከጋሪው ሥር የዲስክ ማጫወቻ አለ፣
ቀበቶው ላልቶ አፉን አልከፍትም ያለ።
«ተወው። እንጓች ናት ውስጡ፣ በልጃችን ሠርግ ስትስቅ።
ሌላ ቀን አመጣዋለሁ፤ ዓይኔ መጀመሪያ ብርሃን ይወቅ።»

መቶ ሃምሳ ሸቅል አልሁ፤ መቶ ሠላሳ አሉ፤ ተስማማን።
ጋሪውን ካሰሩ በኋላ ተመለሱ፣ እጃቸውን ዘርግተው፦
«የሞተችውን ስጠኝ።»
ከምስር አትበልጥም፤ ቢጫ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ አላት፤
በመሐረብ ቋጥረው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት።
«ምን ያደርግልዎታል?»
«ለሐኪሟ ላሳያት፤
ሞራው ይኸው፣ ወጣ ልበላት።»