ሁለት ቢጫ ኳሶች

ጀልባው ሲጫንበት ግዙፍ ነው፣ ይታያል፤
አፍንጫው ከኋላ መስኮቴን ይሞላል።
ባዶ ሲሆን ግን ጉድ ነው የዚህ ተጎታች ነገር፦
ከመኪናዬ ጎን የጠበበ፣ ከመስኮቷም በታች የሚቀር።
በስፖኪዮ ባይ የለም፣ ዞሬ ባይ የለም፤
እንደ አበዳሪ ነው፣ አይታይም፣ አይቀርም።
ኮቴው ብቻ ይሰማል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ቋ! ሲል፤
ጎማው ብቅ ካለማ፣ አልቋል፣ ክርን ሠርቷል።

ከጥብርያዶስ በታች፣ ውኃ በሚልሰው የሲሚንቶ ቁልቁለት፣
ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ነው፤ ሰንበት ሳትገባ ሁሉም ይሻል ፍጥነት።
ከኋላዬ ጥሩምባ፣ ከጎኔ መካሪ፣
ፕሮስፐር በሸራ ወንበሩ ላይ፣ የመሪዬ መሪ፦
«ቀኝ እንዲሄድልህ ወደ ግራ ጠምዝዝ!»
እሺ እላለሁ።
እጄ ግን የለመደውን ያደርጋል።

ስለዚህ ልጄን አወርዳታለሁ።
«ኖፋር፣ ከኋላ ቁሚልኝ፣
መጣመም ሲጀምር ባለሽ ድምፅ ጥሪልኝ።»
«ና አባባ፣ ና፣ ና፣ ና፣ ና…»

በሐምሌ አንድ ዓርብ
«ና» ቆመ።
በግራው ስፖኪዮ አየሁ፤ ሰማይ፣ የዘንባባ ጫፍ።
በቀኙ አየሁ፤ ውኃ፣ የፕሮስፐር ባርኔጣ።
ልጄ የለችም። ተጎታቹም የለም።
ሁለቱ ዝቅ ያሉ ነገሮቼ
ባንድ ቦታ ጠፉ።

ፍሬን የረገጥሁበት እግር እስከ ዛሬ ይደነዝዛል።
ወረድሁ። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣
ጠጠር ገብቶባት።
ከብረቱ እስከ ግንባሯ
አንድ ስንዝር ከአራት ጣት።
«ምነው ቆምክ?» አለች።
ጀልባው ያን ቀን ውኃ አልነካም።

ማታ ሰንበት ገባች፤ በሰንበት መፍቻ አይነሣም።
ሌሊቱንና ቀኑን በሐሳቤ ለካሁ።

እሑድ ከሐይቁ ዳር ሁለት ሸንበቆ ቆርጬ አሰርሁ፤
አስፋልቱ ላይ ሳልደርስ ነፋስ ሰበራቸው።
ሰኞ የመጥረጊያ እጀታ፤
እናንጉ «ቤቱን በጥርሴ ልጥረግ?» ብላ ነጠቀችኝ።
ሦስተኛው የውኃ ቱቦ ነው፣ ነጩ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ፈረደ የተረፈው፤
ከጎማዎቹ ውጪ፣ ግራና ቀኝ፣ በብሎን አጥብቄ
ቀጥ አድርጌ አቆምሁት፣ እስከ ደረቴ።
ጫፉን በቀይ ፕላስተር ጠመጠምሁ።
ኖፋር «አያምርም» አለች፤
ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሁለት የቴኒስ ኳስ ለቅማ አመጣች።
በቢላ በስተን እንደ ቆብ ደፋንባቸው።

ፕሮስፐር ሲያይ ከወንበሩ ሊወድቅ፦
«ተጎታችህ ቀንድ አበቀለ!»
(በሁለተኛው ሳምንት የእሱም አብቅሎ መጣ፣ ብርቱካንማ። ምንም አላልሁም።)

አሁን ልጄ ከጎኔ ናት፣ ቀበቶዋን አስራ።
ግራው ኳስ በግራ መስታወት፣ ቀኙ በቀኝ፤
አንዱ ሰፋ ሌላው ሸሸ ሲል፣ ገና የጣት ያህል ሳለ፣
መሪዬን ወደ ሰፋበት እመልሳለሁ።
ፕሮስፐር የነገረኝም ይሄንኑ ይሆናል፤
ያኔ ግን የማየው አልነበረኝም።

ጀልባው ሲንሳፈፍ ብረቱ ሁሉ ይሰጥማል፣
ከውኃው በላይ ቢጫ ሁለት ነጥብ ይቀራል።
ዛሬ በቀኙ ላይ አንዲት ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣
ነጭና ጥቁር፣ አረፈች፣
ወደ ታች ወደ ታች ታያለች።
ማርሹን ጨበጥሁ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ፣
ፕሮስፐር እጁን አወራጨ።
«አባባ፣ ቆይ» አለች ኖፋር።

ቆየሁ።