ደንቆሮዋ ካሜራ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ትብሊሲ ላይ በረዶ፣
ድልድዩ አጠገብ ገበያው ጨርቁን ዘርግቷል ማልዶ፤
ሹካና ሜዳሊያ፣ የሰዓት ሆድ ዕቃ፣ የዛገ ቁልፍ፣
ጌታው የሞተ ካፖርት፣ ቅጠሉ የረገፈ መጽሐፍ፤
ከዚያ መሀል ቫዣ፣ ጣቱ በብርድ ቀልቶ፣
ካሜራ ይሸጣል፣ እንደ ታማሚ ልጅ በብርድ ልብስ አስተኝቶ።

ኪሴ ውስጥ ሦስት መቶ ላሪ አለ፣
ከዳቦው ምድጃ አፍ ላይ በላቤ የበሰለ፤
በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ስምንት ወር የዋለ፣
ጫማዬ ውሃ ሲያስገባ እያየ ዝም ያለ።

«ምን ልታነሺ ነው?» አለኝ። «ሠርግ ነው ወይስ ተራራ?
ለጀማሪ ይቺን ሞክሪ፣ ስሟ የተፈራ፤
ሃያ አራት ሚሊዮን ነጥብ አላት፤ የዝንብ ክንፍ ትቆጥራለች፣
አራት መቶ ነበረች፤ ላንቺ ሦስት መቶ ትሆናለች።»

አነሳኋት፤ ከበደችኝ፤ እንደ ሙሽራ ኩሩ፣
በአንድ ዓይኔ ሳያት ከተማዋን፣ አማረ ግንቡ፣ መንደሩ፤
«ቪዲዮስ?» አልኩት። «ዐሥር ደቂቃ» አለ በአንድ ከንፈሩ።
ዐሥር ደቂቃ! እናቴ በዐሥር ደቂቃ
የጎረቤቷን ድመት እንኳ አምታ አታበቃ።

እናቴ ጺጺኖ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አትሰማም፣
ቤታችን ወሬ ሞልቶታል እንጂ ድምፅ የሚባል የለም፤
ምላሷ እጇ ነው፤ ተረቷ፣ እርግማኗ፣ ጸሎቷ፣
ስሜም በእሷ ቋንቋ፣ ጉንጯን ሁለቴ መታ የምታደርግበት ጣቷ።

ፎቶ ሞክሬ አውቃለሁ፣ በእህቴ ልጅ ስልክ፤
እጇ አየር ላይ ቀረ፣ የቃል ግማሽ፣ የቃል መልክ፤
«ወን…» ላይ የቆመ ነገር፤ «ወንዝ» ይሁን «ወንድም» ማን ይለያል?
ፎቶ መልኳን ያስቀምጣል፤ ወሬዋን ግን ይገድላል።

አሁን ጣቶቿ መያዝ ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ይደርቃሉ፣
አንዳንዱን ቃል ይዘሉታል፣ አንዳንዱን ይውጣሉ፤
ሐኪሙ አንድ ነገር ጻፈ፤ ለእሷ አልተረጎምኩም፣
ወደ ድልድዩ መጣሁ፤ ሌላ መላ አላወቅኩም።

«ሌላስ የለህም?» አልኩት። ጢሙን ዳሰሰ፣
ከሳጥኑ ስር አንዲቱን ጎትቶ በእጅጌው አበሰ፤
ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጠርዟ የተላጠ፣
ስክሪኗ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት የሮጠ፤
«ሌንሷ ጤነኛ ነው፤ በሻማም ታያለች፣
ባትሪ ካልነፈግሻት እስኪመሽ ትቀዳለች፤
ግን…» አለና ዞር አለ፣ እንደሚያፍር ሰው አቀርቅሮ፣
«ማይኳ ሞቷል፤ አልዋሽሽም፤ ይቺ ናት ደንቆሮ።»

ሳቅኩ። መጀመሪያ በአፍንጫዬ፣ ኋላ በሙሉ ሆዴ፣
ሳንቲም ሻጩ ጎረቤቱ ዞረ፤ ውሻም ጮኸ አንዴ፤
ያንን ቃል ነው ልጆች በራችን ላይ የጻፉት በከሰል፣
ያንን ቃል ነው አውቶቡስ ውስጥ ከኋላችን የሚከተል፤
ዛሬ ግን፣ እዩት እስቲ፣ ለእኛ ሆኖ ተሟጋች፣
ዋጋ ያስወርድ ጀመር ከሁለት መቶ በታች።

«መቶ ሰማንያ።» «መቶ ስልሳ።» «ይሁን።» «ከነማንገቻው?» «ከነማንገቻው።»
ላሪዎቹን ፈታሁ፤ ዱቄት ነበር በየመሀላቸው።

ማታ፣ ወጥ ቤት፤ መስኮቷ ላብ ለብሳ፣
ካሜራዋ በተደፋ ድስት ላይ፣ ፎጣ ተንተርሳ፤
ቀይዋ ነጥብ በራች። እናቴ ሻሿን አስተካከለች፣
እጇን ከጉልበቷ ላይ ወደ ብርሃኑ አነሳች፤
እኔ የጠበቅኩት የአባቴን መጥፋት፣ ያን መብራት የሌለው ክረምት፣
ወይ ለኋላ የሚቀመጥ አንድ ምክር፣ አንድ ምርቃት፤
እሷ ግን ዓይኗን አጥብባ ካሜራዋን ገላመጠች፣
አውራ ጣቷን ከጣቶቿ አፋተገች፦ «ስንት?» አለች።

ነገርኳት። ሁለት እጇ እስከ አምፖሉ ወጣ፣
ትከሻዋ ጮኸ፣ ቅንድቧ ተቆጣ፤
«መቶ ስልሳ! ከነጭረቷ! ሌባ ነው፣ ተታለልሽ!
ነገ እኔ ራሴ እሄዳለሁ፤ አንቺማ መቼ ታውቂያለሽ!»

ሃያ ሁለት ደቂቃ ቫዣን ሰደበችው፣ አንዱን ስድብ ሳትደግም፤
ጣቷ አንዴ ብቻ አልታዘዝ አላት፤ አሸት አደረገችው እንጂ አላቆመችም።
ወደ ሌሊት ሥራዬ ከመሄዴ በፊት ቁጭ ብዬ አየሁት፤
አንዲት ቃል አልጎደለችም።