ያለ ሚስማር

ታናህ ቤሩ መንደር፣ ከባሕሩ ዳርቻ፣
ሳንቃ ይጋጠማል በእንጨት ችንካር ብቻ።
ሚስማር ውሃ ሲያገኝ ይዝጋል፣ ይከዳል፤
እንጨት ግን ያብጣል፤ ወንድሙን ይይዛል።
ትምህርት ቤቱ ከዚያ ጥቂት ርምጃ ነው፤
መጋዙ በመስኮት ቀኑን ሙሉ ቢጮኽ፣ ልጆቹ አይሰሙት፣ ስለለመዱት ነው።

እኔ መቅረጫዬን ይዤ ከኋላ ወንበር ላይ፣
የኢቡ ሐስኒዳርን አነጋገር ላይ፣
ካገር አገር መጣሁ፤
ሰንጠረዥ አሰመርሁ፣ እርሳሴን ቀረጽሁ።

"ሶ" ትላለች፣ የተዘጋ በር ትከፍታለች፤
"በት" ትላለች፣ ከመንገድ ትመልሳለች፤
"ቢኮዝ?" ብላ ደግሞ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣
መልስ እስኪመጣ ትቆማለች ጠመኔ አንጠልጥላ።
የትናንቱን ነገር ከዛሬ ትሰፋለች፤
ቤሴ የጀመረችውን ለባሶ ታቀብላለች።
አርባ አንድ "ሶ" ቆጠርሁ፤ ግማሹ ማያያዣ፣
የቀረው ግን እንዲያው የትንፋሽ መግዣ።

ባሶ ተነሣ።
"አባቴ ጀልባ ሠራ። ባሕሩ ትልቅ ነው።
ጀልባው ሄደ። ኢት... አልተመለሰም።"
ሳንቃ፣ ሳንቃ፣ ሳንቃ፤
አንዱም ካንዱ ሳይያዝ ወለሉ ላይ ወደቀ።
"ኢት የቱ ነው?" አለች፣ "ባሕሩ ነው? ጀልባው?"
ሰዋስው ነበረ እሷ የጠየቀችው።
ልጁ ጫማውን አየ።
"ሂ" አለ በዝግታ።
ያን ጊዜ መጋዙን ሁሉም ሰማው ባንዳፍታ።

አላረመችውም።
ጠመኔዋን አኖረች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣
ከንፈሯ ብቻ እስኪመስል ዝቅ ባለ ድምፅ
"ኤንድ?" አለች።

ማታ፣ ከማረፊያዬ፣ ደጋግሜ ሰማሁት።
"ደግሞስ?" ነው ያለችው? ወይስ "አበቃ" ነው?
በእኔ ፊደል ስጽፈው ሁለቱም አንድ ነው።
መቅረጫው አይለይም፤ እኔም አልለየሁ፤
ከየትኛው ረድፍ እንደምከተው አጥቼ እርሳሴን አኖርሁ።

ልጁ ግን ለይቶታል።
ክሩ ላይ፣ ከረዥም ጸጥታ በኋላ፣
ወንበር ሲንሿጠጥ ይሰማል፣
ቀጥሎም የሱ ድምፅ፣ የተሰባበረ፣ ግን አንዱ ካንዱ የተያያዘ፦
"ኤንድ... ችንካሩን ሲመታ፣
ከሥር ሆኜ አንድ በአንድ የማቀብለው
እኔ ነበርሁ።
ሶ... ጀልባው አይፈታም።"