ድምፁ ቀድሞ ሲመጣ

ቤቴ ስታቭሎ ነው፥ ከጥዱ ጫካ ጫፍ፣
መኪኖቹ ሲያልፉ፥ ብርጭቆ የሚንዘፈዘፍ።
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጎሚስታ ነበርኩኝ፣
ጎማ ሳወልቅ ሳስር ወገቤን ጨረስኩኝ።
አሁን ጡረተኛ ነኝ፤ ሶፋዬ ላይ ወጥቼ፣
ሠላሳ ስምንት ዩሮ በየወሩ አውጥቼ
አያለሁ —
ምን አያለሁ?
የአንዱን ዘፋኝ ጥርስ፣
የአንዱን ሹፌር እጮኛ፥ ጥፍሯን ስትነክስ፣
የአንዱን ከበርቴ ውሻ፥ የጆሮ መሸፈኛ ሲለብስ።

ሰባተኛው ስድስተኛውን ቁልቁለቱ ላይ ሲያንቅ፣
ካሜራው በዚያ ጥርስ ተነክሷል መሰለኝ፥ ከዘፋኙ አይላቀቅ።
«አለፈው!» ይላሉ። መቼ? በየት በኩል?
በኋላ በዝግታ ደግመው ያመጡልኛል፤
ሠርጉ ላይ ሳይጠሩኝ ቪዲዮ ያሳዩኛል።

የጎማው ነገርስ?
ቀዩ ይፈጥናል፥ ግን ዕድሜ የለውም፤
ነጩ ይዘገያል፥ ግን ቶሎ አያልቅም፤
ቢጫው እንደ አስታራቂ፥ ማንንም አያስከፋም፥ ማንንም አያስደስትም።
ሹፌሩ በነጩ እስከ ማብቂያው ልዝለቅ ቢል፣
«በሕግ አምላክ!» ይሉታል፤ «ቀለም ሳትቀይር ጨረስኩ አትበል!»
ያልተበላው ጎማ ያለ ጥፋቱ ይፈታል፤
ትዳር እንኳ ሲፈታ ምክንያቱ ይጠየቃል።

ጎረቤቴ ፊርመን፥ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣
«ለትርዒት ነው» ይለኛል፥ የቢራ አረፋ ጢሙ ላይ አርፎ፤
«ጎማ ካላለቀ፥ የት አለና ጨዋታ?
እንደ ባቡር ፉርጎ ይመሻል በተርታ።»
ፊርመን ሆይ፥
እኔ በሃያ ዙር የሚሞት ጎማ ሸጬልህ ቢሆን ኖሮ፣
መስኮቴ ይተርፍ ነበር ወይ፥ ጆሮዬስ ካንተ እሮሮ?

ዝናቡን አልረሳም። ባለ ሰማያዊ መስመር ጎማ፣
ውኃ እንዴት እንደሚተፋ ዓመት ሙሉ ሲነገርለት ስሰማ፤
ዝናቡ መጣና — ውድድሩ ቆመ።
ጃንጥላውን ገዝቶ፥ ሲዘንብ ግን ቤቱ የከተመ!

ግን አንድ ነገር አለኝ፥ ጣቢያው ያልሸጠልኝ።
ምስሉ ሰማይ ወጥቶ፥ ዞሮ ዞሮ ሲመጣ፣
ድምፁ ጫካውን አቋርጦ በመስኮቴ ይገባል፥ ምንም ሳላወጣ።
አርባ ሰከንድ።
በአርባ ሰከንድ ዓለምን እቀድማለሁ።

ዛሬ፥ ሠላሳ አንደኛው ዙር ላይ፣
ከድምፆቹ አንዱ ሲያፏጭ ሰማሁ። የጎማ ጩኸት ነው፤
አርባ አንድ ዓመት የሰማ ጆሮ አይስተውም።
ከዚያ በድምፁ መሃል ቀዳዳ።
ሌሎቹም ተራ በተራ ቀዘቀዙ።
ወፍ ተሰማኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ግን ልጁ ገና ይነዳል፣
ወዛም ቀይ መኪናው ፀሐዩ ላይ ያበራል፣
ተንታኙ ስለ ዘፋኙ አይስክሬም ይስቃል።
ብድግ አልኩ። ጮህኩ፦
«ግባ! ቀይር! ጎማህን ቀይር!»
እኔ! ቀይር በመባሉ ዓመት ሙሉ የተራገምኩት።
ለማን ነው የምጮኸው? ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤
የማየው ትናንት ነው፥ ገና ያልተነገረው።

ጥርስ።
አይስክሬም።
አቧራ።

ያቆመው የጎማ ግድግዳ ነው፤ ያረጀ፥ የተጣለ፣
ቀይ ነህ ነጭ ነህ ብሎ ማንም ያልጠየቀው፣
በገመድ ታስሮ ዓመት ሙሉ ዝናብ የጠጣ።
አንዱን ምናልባት እኔ አውልቄው ይሆናል።
ልጁ ከውስጡ ወጣ። የራስ ቁሩን አወለቀ። ተቀመጠ፥ እዚያው ጎማው ላይ።

በአጥሩ በኩል ፊርመን ምንም ሳያውቅ ይዘፍናል፤
የሱ ቴሌቪዥን ከኔም ሰከንዶች ይዘገያል።
«ፊርመን፥ ልጁ ደህና ነው!» ብዬ ስጣራ፣
«ዝም በል!» አለኝ ተቆጥቶ፤ «አትንገረኝ፤ ገና አላየሁም!»